አራተኛዋ ሽማግሌ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሰዎች ስለ መኪና ሲያወሩ ጆሮዬን ጣል ማድረግ ልማድ ሆኖብኝ ነበር። በዕድር ስብሰባም ሆነ በካፌ በረንዳ የምሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። ስንት ተገዛች፣ አሁን ብትሸጥ ስንት ታወጣለች፣ ለከርሞ ብትቆይስ ምን ያህል ትጨምራለች። የሞተሯን ድምፅ፣ ዳገት ላይ የምታሳየውን ጠባይ፣ ዝናብ ከመታት በኋላ ስትሞቅ የሚሸተውን የወንበሯን ቆዳ የሚያነሳልኝ ሰው አጣሁ። ስለዚህ መኪናን ከልቡ የሚወድ ሰው አልቋል ብዬ ፈረድኩ። ውድ አንባቢያን፣ ይህን ፍርድ አንድ እሑድ ሻረብኝ። የዚያን እሑድ ነገር እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ።

የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በአንድ መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ስምሪት ክፍል ውስጥ ነው። የትኛው መኪና፣ በየትኛው ሾፌር፣ ወደ የት እንደሚሄድ የምወስነው እኔ ነበርኩ። በኃላፊነት ዘመኔ አንድም የመንግሥት መኪና ለግል ጉዳዬ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም፤ ጥቂት ግን እመካበታለሁ።

የግል ጉዳዬን የምፈጽመው በሰማያዊ ሰይቼንቶዬ ነበር። ለማያውቋት ወጣቶች ባጭሩ ላስተዋውቃት። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት የሆነ፣ እንደ እንቁላል የከበበች ትንሽ የጣሊያን መኪና ናት። በሮቿ ወደ ኋላ ስለሚከፈቱ ከውስጧ የሚወርድ ሰው ሁሉ ከሠረገላ የሚወርድ ይመስላል። በእኛ ወጣትነት የከተማችን ታክሲዎች ብዙዎቹ እሷው ነበሩ። ዛሬ ግን እንኳን መለዋወጫዋን ስሟን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ነገሩ የሆነው መገናኛ ለባቡሩ ሥራ በተቆፈረበት፣ ቦሌ ውስጥ በየማዕዘኑ በባሕር ዛፍ መወጣጫ የታሰረ ፎቅ በሚበቅልበት ዘመን ነው። ትናንት ያየነውን ሜዳ ዛሬ ስንመለስ የምናጣበት ጊዜ ነበር።

ናሆም የሟች ወዳጄ ልጅ ነው። በአባቱ እግር ቆሜ ሽማግሌ እንድሆንለት ለመነኝ። የወደዳት ልጅ ሲፈን ትባላለች፤ የሥራ ባልደረባው ናት። አባቷ አቶ ደበላ ቦሌ ለሚ አካባቢ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ አርሰው ከብት አርብተው የኖሩ፣ ከተማዋ እየሰፋች መጥታ ደጃፋቸው ላይ ያገኘቻቸው ሰው ናቸው። ከእኛ በፊት የናሆም አጎት የመራቸው ሽማግሌዎች በትልቅ ጥቁር መኪና ሄደው ነበር። በክብር ተቀብለዋቸው፣ «ይታሰብበታል» ብለው ሸኟቸው። ከዚያ ወዲያ ከቤቱ ድምፅ ጠፋ።

«ጋሼ፣ አሁንም ከመለሷችሁ ነገሩ አለቀ» አለኝ ናሆም። «ሲፈን የአባቷን ቃል አልፋ አትመጣም። እኔም ብትመጣ ደስ አይለኝም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ወደድኩለትና እሺ አልኩት።

ሁለት ሰዎች ይዤ ልሄድ ተነሣሁ። አንደኛው አቶ ክፍሌ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ሥርዓት ሲጓደል ጥርሳቸውን የሚያማቸው ሰው። ሁለተኛው የናሆም ቤተሰብ የንስሐ አባት ቀሲስ ኃይለ ሚካኤል ናቸው፤ ሰውነታቸውም ሳቃቸውም ሰፊ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቦሌ መድኃኔዓለም ደጃፍ ተገናኘን። ናሆም ከጓደኛው የተዋሰው ትልቅ መኪና እዚያው መጥቶ ሊወስደን ነበር ቀጠሮው።

መኪናው አልመጣም። ናሆም ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ትንሽ ሊቆይ ነው መሰለኝ» አለ።

«ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?» አሉ አቶ ክፍሌ።

«ስልክ አያነሳም።»

«ሽማግሌ ካረፈደ ከመግባቱ በፊት ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ይቅርታ ሲጠይቅ የገባ ሰው ደግሞ ልጅ ለመጠየቅ አፍ አይኖረውም።»

«በእኔ መኪና እንሂድ» አልኩ።

ናሆም ዛፉ ሥር ወደቆመችው ሰይቼንቶ ዞሮ አየ። ከዚያ እኔን አየ። «በእሷ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና እዚያ ሰፈር የሚቆመው መኪና ሁሉ አዲስ ነው። ለምን ታክሲ አልጠራም?»

«ልጄ» አሉ ቀሲስ፣ «ጌታችን ኢየሩሳሌም የገባው በውርንጫ ነው። እኛ ቦሌ ለሚ በዚህች ብንገባ ምን ይጎድልብናል?»

ናሆም ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ወሰደኝ። «እሺ ጋሼ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ከበሩ አጠገብ አያቁሟት። ከቤቱ በፊት ጥግ ላይ አንድ ሱቅ አለ፤ እዚያ አቁማችሁ በእግር ትጠጋላችሁ።»

አልተቆጣሁም። ወደ ውስጥ ግን አንድ ነገር ጠቅ አደረገኝ። እሺ አልኩት።

ናሆም እዚያው ቀረ። ቀሲስ ከፊት ተቀመጡ። ጥምጥማቸው ጣሪያውን ስለነካ አንገታቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው ነበር የተጓዙት። አቶ ክፍሌ ከኋላ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አስገብተው፣ «በዚህ አቀማመጥ ችሎት ተሰይሜ ቢሆን ኖሮ አንድም ተከሳሽ በነፃ አይለቀቅም ነበር» አሉ።

መገናኛ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቶ ጠበቀን። አፈሩ እንደ ኮረብታ ተከምሯል፤ መኪናው ሁሉ በአንዲት ቀጭን መስመር ለመሹለክ ይጋፋል። ከጎናችን የቆመ ሚኒባስ ረዳት በመስኮቱ ወጥቶ ቁልቁል አየን።

«ፋዘር፣ ይቺን ደግሞ ከየት አገኟት? ባቡሩን ሲቆፍሩ ወጥታ ነው?»

«ወጥታ ነው» አሉ ቀሲስ ሳይስቁ።

«ቤንዚን ነው የምትጠጣው ወይስ ጠላ?»

«ጠበል።»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። አንዲት ተሳፋሪ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችን፤ ከኋላችን ያለው የቤት መኪና ሾፌርም እንዲሁ አደረገ። እኔ ፊቴን ወደ ፊት አቀናሁ። መሣለቂያ የሆንን መስሎኝ ነበር። ረዳቱ ግን ወርዶ ከፊታችን ያለውን መኪና በእጁ አስቁሞ፣ «ለአባቶች ልቀቁ! ቅርስ እያለፈ ነው!» እያለ መንገድ አስከፈተልን። ያኔ አልገባኝም። በኋላ ነው የገባኝ።

ከመጋፋቱ ስንወጣ የሙቀት መርፌዋ ቀዩን ልትነካ ደርሳለች። ሌላ ቀን ቢሆን ጥላ ፈልጌ አሳርፋት ነበር። ያን ዕለት ግን የቀጠሯችን ሰዓት ከኋላ እያባረረን ነው። ሰሚትን አልፈን ወደ ቦሌ ለሚ ስንታጠፍ ሞተሯ ማጉረምረም ጀመረች። ናሆም የነገረኝን ሱቅ ከሩቅ አየሁት። ፍጥነቴን ቀንሼ ወደ ዳር ልይዝ ስል አንዴ ሳለችና ጸጥ አለች። መንገዱ ቁልቁለት ነው። ፍሬን ብይዝ መሐል መንገድ ላይ ልቀር ነው። ለቀቅኳት። ሱቁን አለፍነው። በዝምታ እየተንሸራተተች ሄዳ፣ ልክ ትልቁ የብረት በር ፊት ለፊት ስትደርስ መንገዱ ተስተካከለ፤ እሷም ቆመች። ከኋላዋ ነጭ እንፋሎት እየተትጎለጎለ ወጣ።

«የት ነው የምናቆመው?» አሉ አቶ ክፍሌ።

«ቆመናል» አልኳቸው።

በሩ ተከፈተ። ቁመተ ረጅም፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጋቢ የደረቡ ሰው ወጡ። አቶ ደበላ መሆናቸውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እኛ ተጎንብሰን ከመኪናዋ እየወረድን ለሰላምታ ስንዘጋጅ በአጠገባችን አልፈው ሄዱ። ሽማግሌን ሰላም ሳይሉ ማለፍ በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው ያልተለመደ ነገር ነው። የአቶ ክፍሌ ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ። እኔም በልቤ «ናሆም፣ አፈር በላን» አልኩ።

አቶ ደበላ ከመኪናዋ ኋላ ደርሰው ቆሙ። እንፋሎቱን አዩ። መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አስጠግተው፣ ሳይነኩ፣ ሙቀቱን ለኩ።

«ያ ዋቃ» አሉ በቀስታ፣ አምላካቸውን በኦሮምኛ ጠርተው። ከዚያ እንደነቃ ሰው ወደ እኛ ዞሩ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ደህና መጣችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ግቡ። ማነህ፣ ውሃ አምጣ! እሷ ውሃ ጠምቷታል።»

«አይሆንም» አሉ አቶ ክፍሌ።

ሁላችንም ዞረን አየናቸው።

«የመጣንበት ጉዳይ አለን» አሉ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው። «ጉዳያችን ተሰምቶ መልስ ሳናገኝ ከቤትዎ አንቀመጥም፤ እህል ውሃም አንቀምስም። ሥርዓቱ ይህ ነው።»

«ለእናንተ አይደለም እኮ። ለመኪናዋ ነው።»

«መኪናዋም አብራን የመጣች ናት። የላኪው ወገን ናት።»

«አቶ ክፍሌ» አሉ ቀሲስ፣ «ውሃው ወደ እኛ ሆድ አይገባም።»

«ሦስታችንን እዚህ ያደረሰን ማን ነው? በቤቱ ውሃ በርትታ ከተነሣች፣ እኛም የቤቱን ውሃ ቀመስን ማለት ነው።»

አቶ ደበላ ፊታቸውን አኮስትረው አቶ ክፍሌን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው። የወዳጄ ልጅ ትዳር በአንድ ጣሳ ውሃ ክርክር ሊፈርስ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ አቶ ክፍሌን በዓይኔ ልገሥጻቸው ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ሐውልት ቀጥ ብለዋል።

«እውነታቸውን ነው» አሉ በመጨረሻ አቶ ደበላ። «ሦስት ሽማግሌ መጣ ብዬ ነበር። ለካ አራት ናችሁ።» ከጋቢያቸው ሥር ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነበር። «ለነገሩ ብትፈቅዱም አሁን ውሃ አይሰጣትም። ሳትቀዘቅዝ የራዲያተሯን ክዳን የከፈተ ፊቱ አይተርፈውም። ስለዚህ ጊዜ አለን። እሷም እንድትሰማ እዚሁ ተናገሩ።»

እንዲህ ሆኖ ሽምግልናችን በመንገድ ዳር፣ በሰይቼንቶ ዙሪያ ተጀመረ።

ቀሲስ ባረኩ። እኔ የናሆምን ነገር ማስረዳት ስጀምር አቶ ደበላ በእጃቸው ገታ አደረጉኝ። «ከዚህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይቺ መኪና የማን ናት?»

አቶ ክፍሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የጥያቄውን ክብደት አላወቅሁም፤ ክብደት እንዳለው ግን ከአቶ ደበላ ዓይን አየሁ። ያለፈው ሽማግሌ በትልቅ መኪና ሄዶ ያልተሳካለትን፣ እኔ በዚህች ቆሜ ምን ብዬ ላሳምር? እንዳለ ተናገርኩ።

«የእኔ ናት። ልጁ መኪና የለውም። ዛሬ በትልቅ መኪና ልንመጣ ነበር፤ እሱም የጓደኛው ነው፤ ሳይመጣ ቀረ። በእሷ ስንነሣ ልጁ አፈረ። ሱቁ ጋ አቁመን በእግር እንድንመጣ ለምኖኝ ነበር። ልታዘዘው አስቤ ነበር፤ እሷ እምቢ አለች።»

አቶ ደበላ ጎንበስ ብለው ታርጋዋን አዩ። ከሞተሯ የውሃ ጠብታ ሲወርድ ይሰማል።

«ያኛዎቹን ሽማግሌዎች እስከ መኪናቸው ሸኝቻቸው ነበር» አሉ ከዚያ። «ለጨዋታ ያህል 'የማን ናት?' አልኳቸው። 'የልጁ ናት' አሉኝ። ታርጋዋ ኮድ ሦስት ነበር።»

ቀሲስ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ምን ማለት ነው?»

«የንግድ ማለት ነው» አልኳቸው። «የቤት መኪና ኮድ ሁለት ነው። በኪራይ ወስደዋት ነው።» ዕድሜዬን ሙሉ ታርጋ ስመለከት የኖርኩ ሰው ነኝና ለእነዚያ ሽማግሌዎች አፈርኩላቸው።

«መከራየት ነውር የለውም» አሉ አቶ ደበላ። «ግን የኪራይ መኪና የልጁ ናት ካሉኝ፣ ስለ ልጁ የነገሩኝስ የኪራይ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሲፈን ልጁ ይህን እንዳላዘዘ ነግራኛለች። ቢሆንም የላኪ አፉ ሽማግሌው ነው።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«እኔም ነበረችኝ» አሉ። «ነጭ ነበረች። የኋላዋን ወንበር አውጥቼ ወተት እጭንባት ነበር። ከዚህ ቦሌ ድረስ አስፋልት የሚባል አልነበረም። ክረምት ጭቃው ውስጥ ስትገባ ትቆምና እንደ ሰው ታስባለች። ከዚያ ትወጣለች። ሲፈንን ከሆስፒታል ያመጣሁት በእሷ ነው፤ እናትየዋ ከፊት፣ የወተቱ በርሜል ከኋላ። የግጦሹ መሬት አልቆ ላሞቹ ሲሄዱ፣ ምን ትሠራልኛለች ብዬ ለሰው ሰጠኋት። ይኸው እስከ ዛሬ በመንገድ ሳልፍ እፈልጋታለሁ።» ወደ ግቢያቸው አመለከቱ። ጥላ ሥር የቆመች አዲስ፣ የምታብረቀርቅ መኪና አለች። «እሷንም እነዳታለሁ። አላወራትም እንጂ።»

ስለ መኪና እንዲህ የሚናገር ሰው ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው? የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ ስለ ራዲያተሯ፣ ስለ ማርሿ፣ ሁለተኛው ሲገባ ስለሚያሰማው ድምፅ ልንነጋገር ስንል አቶ ክፍሌ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«ወደ ነገራችን» አሉ።

ተናገርኩ። የናሆምን አባት ማንነት፣ የእናቱን ድካም፣ የልጁን ሥራና ጠባይ፣ «የአባቷን ቃል አልፋ ብትመጣ ደስ አይለኝም» ያለኝንም ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀረብኩ። አቶ ደበላ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ልማዱ መልሱ «ዘመድ ልማከር፣ ሌላ ቀን ኑ» መሆኑን ስለማውቅ ለዚያው ተዘጋጅቼ ነበር።

በዚህ መሐል በሩ ገርበብ አለና አንዲት ወጣት የውሃ ጆግ ይዛ ወጣች። ከበሩ ጀርባ ስትሰማን እንደቆየች ያስታውቃል፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛዋለች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችን።

«ለማን ነው ሲፈን?» አሉ አባቷ።

«ለእሷ ነው፣ አባ። በርዳለች፤ እንፋሎቱ ቆሟል።»

«እሷ ሽማግሌ ናት። መልስ ሳታገኝ አትጠጣም ተብሏል። አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሲፈን አንገቷን ደፋች። «እኔማ ሰምቼ ነው ውሃውን ይዤ የወጣሁት፣ አባ» አለች።

አቶ ደበላ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ መኪናዋን አዩ። የጋቢያቸውን ጫፍ በእጃቸው ጠቅልለው ክዳኑን በጥንቃቄ፣ ጥቂት በጥቂት ፈቱት። «እንግዲያ አጠጪያት» አሉ።

ውሃው ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ። አቶ ክፍሌ ብቻ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ነበሩ።

«ይህ መልስ ነው ወይስ ቀጠሮ?» አሉ።

«ክቡር ዳኛ» አሉ አቶ ደበላ፣ «ውሃው ገባ እኮ። መልሼ ላወጣው ነው?»

ቀሲስ በዚያ ሰፊ ሳቃቸው ሰፈሩን ሞሉት። አቶ ክፍሌ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። ገባን፣ ተቀመጥን፣ በላን፣ ጠጣን። የሲፈን እናት ነገሩን ሲሰሙ፣ «እኔን ሳይጠይቅ መኪና ጠየቀ» ብለው ባላቸውን ወቀሱ፤ ወዲያው ደግሞ ሊያይዋት ወጡ። ናሆም ስልክ ሲደውል አቶ ደበላ መሪ ይዘው፣ እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ፣ ሰፈሩን እየዞርን ነበር።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆነ?»

«ጠጣች።»

«ማን?»

«ሰጥተውሃል ልጄ። ሰጥተውሃል።»

ትንፋሹን ሰማሁት። ለቅሶ ይሁን ሳቅ መለየት አልቻልኩም። ጥቂት ቆይቶ፣ «የት አቆሟት?» አለ።

«በሩ ፊት ለፊት» አልኩት።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራዋን ይዛ የሄደችው እሷው ናት። የአቶ ደበላ ብቸኛ ቅድመ ሁኔታ ይህ ነበር። ከኋላዋ ረጃጅም፣ የሚያብረቀርቁ መኪኖች ተሰልፈዋል። የሙሽራ መኪና ደግሞ አይቀደምምና ያን ቀን ያ ሁሉ ጉልበት በሰይቼንቶ ፍጥነት ተጓዘ። መገናኛ ላይ ሰው ቆሞ አጨበጨበ፤ ስልኩን ያላወጣ ሰው አልነበረም። በዚህ ጊዜ ፊቴን አላዞርኩም።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ መኪና የሚወድ ሰው አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አለ እላችኋለሁ። ፍቅሩ አላለቀም። የሚሰማው ሰው ስለማያገኝ ዋጋ እያወራ ተደብቋል እንጂ። ያ ረዳት መንገድ ያስከፈተልን፣ ያቺ ሴት ፎቶ ያነሳችን ለመሣቅ ብቻ አልነበረም። እኔ ግን ቀድሜ ፈርጄባቸው ስለነበር ፊታቸውን አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ መኪናው ዋጋ ሲነግረኝ እታገሳለሁ፤ እስኪጨርስ ጠብቄ፣ «ጠዋት ስትነሣ ድምፅዋ እንዴት ነው?» እለዋለሁ። ብዙ ሰው መጀመሪያ በዓይኑ ይመዝነኛል። ከዚያ ግን ማቆሚያ የለውም።

ናሆም ዛሬ የራሱ መኪና አለው። እሑድ እሑድ ግን የሰይቼንቶዬን ቁልፍ ይጠይቀኛል፤ ሲፈንን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ደጃፉ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በኩል ያቆማታል። ከዚያ ሁላችንም አቶ ደበላ ዘንድ እንሄዳለን። እሳቸው በሩን ከፍተው ይወጣሉ፤ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ጆጉን ይዘው ወደ ኋላዋ ይዞራሉ። እኛ እስክትጠጣ ድረስ ቆመን እንጠብቃለን። አንድም ቀን ቀድሟት የተቀመጠ ሰው የለም።